የጡሩምባ ነፊው ቀኖና

ጋሽ በየነ አረፉ ብለው የደወሉልኝ እሑድ ጠዋት ነው። ስልኩን እንደዘጋሁ መጀመሪያ የመጣብኝ ለቅሶ አልነበረም፤ "ማን ነፋላቸው?" የሚል ጥያቄ ነበር። ለቅሶው ነጠላዬን ስፈልግ መጣ።

ከጉለሌ ከወጣሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ለቅሶ ቤት ስደርስ እንደነገሩኝ ዕድሩ አሁን የሚለፍፈው በድምፅ ማጉያ ነው። አንድ ወጣት መኪና ላይ ሆኖ ይዞራል፤ ባትሪው እንጂ ሳንባው አይደክምም። ጋሽ በየነ ይህን ቢሰሙ "ይኼ የስብሰባ ነው እንጂ የሞት ጥሪ አይደለም" ብለው ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ያም ሆኖ ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ውጭ ቆሟል። እኔም ከሌላው የከተማው ጫፍ የሮጥኩት በፍቅር ብቻ አይደለም፤ ቀርቼ ቢሆን እሳቸው ከሞቱ በኋላም የሚቆጡኝ ይመስለኛል።

ለቀስተኛው ስለ ዕድሜያቸው ርዝመት እያነሣ ይደነቃል። እኔን የሚደንቀኝ አንድ ክረምት ነው። በዚያ ክረምት ዕድሩም፣ ጎረቤቱም፣ እኔም ጭምር ጋሽ በየነን በሐሳባችን ቀብረናቸው ነበር። እሳቸው ግን ኖረው፣ ተስፋ ከቆረጡባቸው ሰዎች መካከል ብዙዎቹን ራሳቸው በጡሩምባቸው ሸኙ።

ዘመኑ ደርግ ነው። እኔ ጳውሎስ አካባቢ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ሻጭ ነበርኩ፤ የምኖረው ከዊንጌት ከፍ ብሎ ባለው ዳገት ላይ፣ ከጋሽ በየነ ጋር በአንድ ግቢ ነው። ረጅም ሰው ናቸው፣ ትከሻቸው ወደ ፊት ጎበጥ ያለ። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን ይኖራሉ። ጉልበታቸውን የጨረሱት ወፍጮ ቤት ውስጥ የዱቄት ብናኝ ሲምጉ ነው። ጡረታ ሲወጡ ከሥራው የተረፋቸው የማይለቅ ሳል ነበር፤ እሱንም ይዘው የዕድራችን ጡሩምባ ነፊ ሆኑ።

ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ ከታች ከድልድዩ ይነሣሉ። እየነፉ፣ የሟቹን ስም እየጠሩ፣ እስከ ላይኛው የቀበሌ በር ድረስ ዳገቱን ይወጣሉ። ሰዓቱንና የቀብሩን ቦታ ተናግረው ሁልጊዜ የሚጨርሱት በአንድ ቃል ነው፦ "የቀረ ይቀጣል!" ይህን ሲሉ የዛቱ እንጂ የተናገሩ አይመስሉም። ሰው መሐል ላይ በር ከፍቶ "ማነው?" ብሎ ካቋረጣቸው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምሩበታል። ድምፃቸው ከነሳላቸው ሰፈሩን ይቆጣጠር ነበር።

"እኔ የተፈጠርኩት ጎረቤት አልሰማሁም እንዳይል ነው" ይላሉ። ሳላቸው ሲበረታና ሰው ሲያዝንላቸው ደግሞ፣ "ሳንባዬ የዕድሩ ንብረት ነው፤ ድንኳኑን እንደምትጠብቁ እሱንም ጠብቁልኝ" ብለው ያስቁናል።

በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ጊዜ ብቻ ሳይነፉ ቀርተዋል። በር ለበር እትዬ አስካለ የሚባሉ መበለት ይኖሩ ነበር። በቀይ ሽብር ጊዜ ብቸኛ ልጃቸው ሰሎሞን ከቤት ተወስዶ፣ በማግስቱ ሬሳው መንገድ ዳር ተገኘ። እንዲህ ላለ ሟች ማልቀስም፣ ድንኳን መትከልም፣ መለፈፍም ክልክል ነበር። ጋሽ በየነ ጡሩምባውን ከምስማሩ አውርደው እስከ ግቢው በር ሄዱ። በሩ ላይ የቀበሌ ጥበቃ ጠመንጃ ይዞ ቆሟል። ተመልሰው ጡሩምባውን ሰቀሉት። እትዬ አስካለ አንድም ቀን ይህን አንሥተውባቸው አያውቁም፤ እሳቸው ግን ከዚያ በኋላ እትዬ አስካለን ትክ ብለው ሲያዩ አላየሁም።

ሕመሙ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የጠናው፤ እሱም ቀስ ብሎ። መጀመሪያ ኮታቸው ሰፋ። ቀጥሎ ሱሪያቸውን በገመድ ማሰር ጀመሩ። ቀጥሎ ከበራቸው እስከ ውሃ ቧንቧው ለመድረስ መሐል ላይ ቆመው አጥር ይደገፋሉ። ስንጠይቃቸው "የአጥሩን ጥንካሬ እየፈተንኩ ነው" ይሉናል።

አንድ የግንቦት ጠዋት በሰፈሩ የተከበሩ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ አረፉ። ጋሽ በየነ ከድልድዩ ተነሥተው እየነፉ ወጡ፤ ዳገቱ ወገብ ላይ ያለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ጋ ሲደርሱ ግን ትንፋሻቸው አለቀ። ድንጋይዋ ላይ ተቀምጠው ጡሩምባውን ወደ አፋቸው ሲወስዱት ምራቅና ፉጨት ብቻ ወጣ። የታች ሰፈር ሰምቶ ወጣ፤ የላይ ሰፈር አልሰማም። ያን ያህል የተከበሩ ሰው በጥቂት ለቀስተኛ ተቀበሩ። የላይ ሰፈር ሰው ማታ ከሥራ ሲመለስ ድንኳን ተተክሎ አገኘ። የሟቹ ልጆች አኮረፉ፤ የላይ ሰፈር ደግሞ "ባልሰማነው እንዴት እንቀጣለን?" ብሎ ተቆጣ።

ነገሩ ዕድር ስብሰባ ላይ ወጣ። ሊቀመንበሩ አቶ ታፈሰ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ያረጁ፣ ሁሉን ነገር በደንቡ የሚያዩ ሰው ናቸው።

"ጋሽ በየነ፣ እርስዎን የሚጠላ የለም" አሉ። "ግን ሬሳ አይጠብቅም።"

"እኔ መቼ አስጠበቅሁ?"

"የላይ ሰፈር ይናገር።"

የላይ ሰፈር ተናገረ። በመጨረሻ ጋሽ በየነ ክረምቱን እንዲያርፉና ከመስቀል በኋላ ጠቅላላ ጉባኤው ጡሩምባው ለሌላ ሰው ይሰጥ ወይም አይሰጥ ብሎ እንዲወስን ተስማሙ። እስከዚያ አንድ ጎረምሳ ተተካ። ይህ ልጅ የሚነፋው የቀበሌውን የኳስ ቡድን መደገፊያ ጡሩምባ ነው። አሳዛኝ ሞት ሲናገር ጎል የገባ ይመስል ነበር፤ ዕድርተኛውም በለቅሶና በሳቅ መሐል ነጠላውን አፉ ላይ ይዞ ይወጣል።

ጋሽ በየነ ጡሩምባቸውን ምስማሩ ላይ ሰቀሉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀልዳቸው ጠፋ፤ ያኔ ነው የፈራሁት።

ወደ ሆስፒታል እንውሰዳቸው ያሉት እትዬ አስካለ ናቸው። "አንቺ መድኃኒት ቤት የምትሠሪው ለማን ነው?" ብለው ሲያፈጡብኝ ፈቃድ ጠየቅሁ። ጳውሎስ ገብተን ራጅ ተነሡ። የፈራነው የሳንባ ነቀርሳ አልነበረም፤ በብናኝና በዕድሜ የደከመ ሳንባ ነው። ሐኪሙ ወጣት ቢሆንም ሽማግሌ ማነጋገር ያውቅበታል።

"አባባ፣ ምን ይበላሉ?" አላቸው።

"ማታ ማታ እንጀራ በሽሮ።"

"ቀንስ?"

"ቀን ከበላሁ ሆዴ ሲሞላ ትንፋሼን ያፍነዋል። ስለዚህ ተውኩት።"

ሐኪሙ ወንበሩን ወደ እሳቸው ሳበ። "እርስዎ ቁጭ ብለው ሲተነፍሱ ሌላው ሰው እንጨት እንደሚፈልጥ ነው የሚደክሙት። የሚበሉት ሁሉ ለትንፋሽ ይውላል፤ ለሥጋዎ የሚተርፍ የለም። ሥጋው ሲያልቅ ደግሞ ሳንባውን የሚገፋው ጡንቻም አብሮ ያልቃል። ሳንባዎን አዲስ ላደርገው አልችልም። ያለዎት ግን ጉልበት እንዲያገኝ ማድረግ እንችላለን።"

"በምን?"

"በመብላት። ግን በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ። በኩባያ የሚጠጣ ሆኖ ኃይል ያለው ነገር።"

መድኃኒታቸውን ከጻፈላቸው በኋላ ለከሱ ሕመምተኞች የሚሰጥ ምጥን ዱቄትና የዱቄት ወተት አሰጣቸው። ከእህልና ከጥራጥሬ የተመጠነ፣ ከረጢቱ ላይ ጉንጩ የሞላ ሕፃን የተሣለበት ዱቄት ነው። ስንወጣ ደግሞ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ከንፈራቸውን አሞጥሙጠው፣ ትኩስ ሾርባ እንደሚያበርድ ሰው ቀስ ብለው እንዲያስወጡ አሳያቸው። ጋሽ በየነ ይህችን ወደዷት፤ ለጡሩምባ ነፊ አዲስ ነገር አልሆነችባቸውም።

ዱቄቱን ግን በሁለት ጣት ከፍ አድርገው አዩት። "ዕድሜዬን ሙሉ ዱቄት በላኝ" አሉኝ በመንገድ ላይ። "አሁን ተራዬ ነው ማለት ነው?"

እትዬ አስካለ ሥራ ጀመሩ። ዱቄቱን በወተት ያፈሉታል፣ ዘይት ጠብ ያደርጉበታል፣ የተቆላ ለውዝ ወቅጠው፣ ተልባ ጨምረው፣ እንደ አጥሚት ቀጠን አድርገው በኩባያ ያቀርባሉ። ማር ሲያገኙ ማር፣ ሳያገኙ ከቀበሌ ሱቅ በተራ የምትመጣዋን ስኳር። ሁሉም መልካም ነበር፤ የመልካም ነገር ጠላቱ ጎረቤት ሆነ እንጂ። አጥሚት በእኛ ዘንድ የአራስ ነው። ከአጥሩ ማዶ ያለ አንድ ቀልደኛ ጎረቤታችን ሽታው ሲደርሰው አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ "ጋሽ በየነ፣ እንኳን ማርያም ማረችዎ! ወንድ ነው ሴት?" አላቸው።

ግቢው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ልዋሽ። ጋሽ በየነም የሳቁ መስለው ኩባያውን ደጃፉ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ቀን በኋላ ግን አልነኩትም። ወዲያው ፍልሰታ ገባ፣ ምክንያትም አገኙ፤ "ጾም ነው፣ ወተት አልቀምስም" አሉ። እትዬ አስካለ ወተቱን አውጥተው በጾም በዘይትና በለውዝ ብቻ ቢያደርጉላቸውም "ጾም ማለት አለመብላት ነው" ብለው ዘጓቸው። ክረምቱ በረታ፣ ጭቃው በረታ፣ ጋሽ በየነ ከአልጋቸው ወርደው በራቸው ላይ መቀመጥ ተሳናቸው። የነፍስ አባታቸው ይጠሩ የሚል ሹክሹክታ ተጀመረ።

እትዬ አስካለ ጠሯቸው፤ ለስንብት ግን አልነበረም።

መምሬ አክሊሉ የሁለቱም የነፍስ አባት ናቸው። አጭር፣ ቶሎ የሚቆጡ፣ ቶሎ የሚስቁ ቄስ። በዚያ ዝናብ ጃንጥላቸውን ይዘው መጡ፤ እኔ በር ላይ ተቀብዬ ወደ ውስጥ አስገባኋቸው። ጋሽ በየነ ትራስ ተደግፈው ነበር፤ ሊነሡ ሲሞክሩ መምሬ በእጃቸው ከለከሏቸው። መስቀል አሳለሟቸውና በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

"አስካለ ትጾማለህ አለችኝ።"

"ፍልሰታን ከልጅነቴ ጀምሮ አስታጉዬ አላውቅም፣ አባቴ።"

"ሕመምተኛ ነህ። ፈትቼሃለሁ።"

"እርስዎ ቢፈቱኝ እኔ ራሴን አልፈታም። ሞት ከመጣ ጾሜን ሳለሁ ያግኘኝ።"

መምሬ የረጠበ ካባቸውን አራገፉ። "እንግዲያው ንስሐ ግባ" አሉ።

"ምን አድርጌ?"

"የራስህን ሥጋ አስርበሃል። ለእግዚአብሔር ብለህ ቢሆን ደግ፤ አንተ ግን ጎረቤት አራስ አለኝ ብለህ ነው። ትክዳለህ?"

ጋሽ በየነ አልካዱም። ከንፈራቸውን አሞጥሙጠው ቀስ ብለው ተነፈሱ፤ ጊዜ መግዣቸው እሷ ነበረች።

"ቀኖናህን ተቀበል" አሉ መምሬ። ጋሽ በየነ አንገታቸውን ደፉ። ቀኖና ንስሐ ለገባ ሰው የሚሰጥ ቅጣት ነው፤ ጾም ይሆናል፣ ስግደት ይሆናል፤ ጋሽ በየነ ደግሞ የተሰጣቸውን ሳያጎድሉ በመፈጸም የታወቁ ሰው ናቸው። ስግደት ካዘዟቸው እዚያው ይሞታሉ ብዬ ፈራሁ።

"አስካለ የምትሰጥህን ሁሉ ትጠጣለህ" አሉ መምሬ። "ሳይርብህ ትበላለህ። ጠግቤያለሁ የለም፣ ደክሞኛል የለም፣ ሰው ሳቀብኝ የለም። እኔ በቃህ እስክልህ ድረስ ይኼ ነው ጾምህ።"

ጋሽ በየነ ቀና አሉ። "አባቴ፣ ስግደት ይሻለኝ ነበር።"

"የሚሻልህን ከሰጠሁህ ምኑን ቀኖና ሆነ?"

እትዬ አስካለ በር ላይ ኩባያውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመው ነበር። የመምሬን ነገር ሲሰሙ አልሳቁም። ገብተው አልጋው አጠገብ ቆሙ።

"በየነ" አሉ፣ "ለሰሎሞን አልነፋህለትም። አልወቅስህም። በሩ ላይ ማን ቆሞ እንደነበር እኔም አይቻለሁ። ግን ልጄ ሰው እንዳልሆነ ሄደ፤ ሞተ ያለለት የለም። እኔ እንደሱ አልሄድም። እኔን የምትነፋልኝ አንተ ነህ፤ ያ ጎረምሳ አይደለም። ለዚህ ነው የማበላህ። ለጽድቅ መስሎህ ነበር?"

 ጋሽ በየነ ከስንት ዓመት በኋላ እትዬ አስካለን ቀጥ ብለው አዩአቸው። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ኩባያውን ተቀበሉና መጠጣት ጀመሩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ያየሁትን ትጋት በሌላ ሰው አላየሁም። ሰው ለመጾም የሚያሳየውን ጽናት እሳቸው ለመብላት አሳዩት። ከመብላታቸው በፊት ጥቂት ያርፋሉ፣ ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ፣ አንድ ጉርሻ፣ ትንፋሽ፣ አንድ ጉርሻ፣ ትንፋሽ። ቀልደኛው ጎረቤት በአጥሩ ብቅ ሲል አሁን ራሳቸው ይቀድሙታል፦ "ወንድ ነው! ክርስትናው ላይ እጠራሃለሁ፣ ቆይ!" ሰውየው አፍሮ ይሁን ተነክቶ አላውቅም፣ የላሙን ወተት በጣሳ በልጁ ይልክላቸው ጀመር። የጸሎት ቤታቸው የተዘጋባቸው ጴንጤ ጎረቤታችን ደግሞ የዶሮዎቻቸውን ዕንቁላል ይዘው መጥተው፣ "በጾማችሁ ዕንቁላል የሚገዛን ጠፋ፤ ይህ በቀኖና የሚበላ ሰው ይገላግለን" አሉ። እትዬ አስካለ ዕንቁላሉን ኩባያው ውስጥ መትተው ይቀላቅሉታል። ጋሽ በየነ ቀምሰው ፊታቸውን ያጨማድዱና፣ "ቀኖና ነው" ብለው ይጨርሱታል።

ክረምቱ ሲያልፍ መድኃኒት ቤቴ መጥተው ሚዛን ላይ ይወጡ ጀመር። ጫማዎን ያውልቁ ስላቸው እምቢ አሉ፤ "ስነፋ ባዶ እግሬን ነው እንዴ?" ብለው። ሚዛኑ ትንሽ ወደ ላይ ባለ ቁጥር ወረፋ ለቆመው ሰው ሁሉ ያሳያሉ። አንድ ቀን የሱሪያቸውን ገመድ ፈትተው በባንኮኒዬ ላይ አስቀመጡልኝና፣ "ይኼን ለሌላ ከሲታ ስጪልኝ" ብለውኝ ሄዱ። እኔም ገመዱን ሳልጥል ብዙ ቆየሁ።

ሳሉ አልጠፋም። ሳንባው አሮጌው ሳንባ ነው። ነገር ግን በራቸው ላይ ተቀምጠው ሰው መሳደብ ችለው ነበር፣ ይህ ደግሞ ለእኛ ትልቅ የምሥራች ነው።

የቀረው ጡሩምባው ነው። እዚህ ላይ ችግር መጣ። ጡሩምባ ያለ ሞት አይነፋም፤ ሟርት ነው፣ ሞትን መጥራት ነው። ታዲያ ያገገመ ነፊ አቅሙን በምን ያሳይ? ሰው እስኪሞት ይጠብቅ? ጋሽ በየነ አንድ ዘዴ መጣላቸው። ጡሩምባውን በጋቢ ጠቅልለው፣ ኪሳቸው ውስጥ የተቀቀለ ዕንቁላልና ለውዝ ይዘው፣ ከእንጦጦ ማርያም በታች ወዳለው የባሕር ዛፍ ጫካ ቀስ እያሉ ይወጣሉ። ድንጋይ ባገኙበት ይቀመጣሉ፣ ትንሽ ይቀምሳሉ፣ እንደገና ይወጣሉ። "ማንም የማይሰማኝ ቦታ አለኝ" አሉኝ። መጀመሪያ ሰሞን ፉጨት ብቻ እንደወጣቸው፣ ቀጥሎ የታመመ ጥጃ የመሰለ ድምፅ እንደወጣቸው ለእኔ ብቻ ነገሩኝ።

መስቀል ሲቃረብ፣ ሰማዩ ጠርቶ አደይ አበባ ሜዳውን ባለበሰበት አንድ የዕረፍት ቀን ጠዋት፣ ልብስ እያጠብኩ ሳለ ጡሩምባ ሰማሁ። የጎረምሳው የኳስ ጡሩምባ አልነበረም። ረጅም፣ ወፍራም፣ ልብ የሚያወርድ ያ የድሮው ድምፅ ነው። ነፋሱ ከእንጦጦ ወደ ታች ይነፍስ ነበር።

ሰፈሩ ተገለበጠ። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። ወንዶች የድንኳኑን ምሰሶ ከዕድሩ ዕቃ ቤት አውጥተው መሸከም ጀመሩ። ሁሉም "ማነው? ማነው?" ይላል፣ የሚያውቅ የለም። ጎረምሳው እኔ አልነፋሁም ብሎ በእናቱ ይምላል። በየቤቱ የታመመ የታመመ ሰው ተፈተሸ። የሰፈሩ ትልቁ ሽማግሌ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ሳለ ለቀስተኛ ከቦ ሲያያቸው፣ "እኔን ነው የምትፈልጉት? ገና ነኝ፣ ሂዱ!" ብለው በከዘራቸው አባረሩት።

አቶ ታፈሰ መሐል ላይ ቆመው ላብ በላብ ሲሆኑ ጋሽ በየነ ከላይ በኩል ብቅ አሉ፤ ቀስ ብለው፣ ጋቢያቸውን ታቅፈው። ሕዝቡን አዩ፣ ምሰሶውን አዩ፣ ደነገጡ።

"ማን ሞተ?" አሉ።

ሁሉም ወደ ጋቢያቸው አየ። የጡሩምባው አፍ ከጋቢው ውስጥ ወጥቶ ይታያል።

"ጋሽ በየነ" አሉ አቶ ታፈሰ፣ "የት ሆነው ነው የነፉት?"

"ከማርያም በታች፣ ጫካው ውስጥ። ሰው እንዳይሰማ ብዬ።"

"ሰው እንዳይሰማ!" አቶ ታፈሰ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። "የላይ ሰፈር፣ ሰምታችኋል?"

"ሰምተናል!"

"የታችስ?"

"እንዴታ!"

አቶ ታፈሰ መሐረባቸውን አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉ። ደንብ ወዳድ ናቸው ብያለሁ፤ እዚያው ቆመው ፈረዱ። "ሞት ሳይኖር ዕድርተኛ ያሸበረ መቀጣት አለበት። ቅጣትዎ ይኼ ነው፤ ያንን ጡሩምባ ለማንም አይሰጡም። ጉባኤም አያስፈልገንም።"

እልልታው ከወዴት እንደተነሣ አላውቅም። በተዘቀዘቀ ነጠላ እልል ሲባል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እትዬ አስካለ ግን እልል አላሉም። በሕዝቡ መሐል ሰንጥቀው ገብተው፣ "የያዝከውን ዕንቁላል በልተኸዋል?" ብለው ጠየቁ።

"በልቻለሁ፣ እትዬ።"

"እንግዲያው ና፣ ኩባያህ እየቀዘቀዘ ነው።"

እንዲህ እየተባባሉ ዓመታት ኖሩ። ከረጢቱ ሲያልቅ እትዬ አስካለ ራሳቸው እህሉን ከጥራጥሬው ጋር እየመጠኑ ቆልተው ያስፈጩ ነበር። ጋሽ በየነ በክረምት ይደክማሉ፣ በበጋ ይነሣሉ፤ ደግሞም ይነፋሉ። መምሬ አክሊሉን ባገኙ ቁጥር "አባቴ፣ በቃህ አይሉኝም?" ብለው ይጠይቃሉ፤ መምሬም "ገና ነህ" ይሏቸዋል።

እትዬ አስካለ ያረፉት ደርግ ሳይወድቅ ነው። በእንቅልፋቸው፣ ሳይታመሙ። ጠዋት ያገኘኋቸው እኔ ነኝ፤ ሄጄ የጋሽ በየነን በር አንኳኳሁ። ስነግራቸው አላለቀሱም። ፊታቸውን ታጠቡ፣ ኮታቸውን ለበሱ፣ ጡሩምባውን ከምስማሩ አወረዱ። ይደክማሉ ብዬ ስለፈራሁ ከኋላቸው ተከተልኳቸው።

ከድልድዩ ጀመሩ። ያን ቀን የነፉትን ያህል ነፍተው አያውቁም፤ ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ "የቀረ ይቀጣል" ድረስ አንዲት ቃል ሳያጎድሉ። በነፉ ቁጥር ቆም ብለው ከንፈራቸውን አሞጥሙጠው ይተነፍሳሉ፣ ከዚያ ይወጣሉ። ዳገቱ ወገብ ላይ ያለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ጋ ስንደርስ "ይረፉ ጋሼ" አልኳቸው። በእግራቸው ነካ አድርገው አለፏት።

ላይ፣ የቀበሌው በር ጋ ደረስን። ጥሪያቸው ሁልጊዜ የሚያልቀው እዚያ ነው። ጥበቃው ጠመንጃውን ይዞ ቆሟል፤ ሰውም ከየበሩ ወጥቶ ከኋላችን ተሰብስቧል። ጋሽ በየነ ስለ እትዬ አስካለ ተናግረው ጨረሱ። እንመለስ ብዬ ክንዳቸውን ስይዝ አልተንቀሳቀሱም። ጥበቃውን በዓይናቸው አልፈው በሩን እያዩ ረጅም ትንፋሽ ሳቡ፣ እንደገና ነፉ።

"የሰፈር ሰው ስማ! የእትዬ አስካለ ልጅ፣ ሰሎሞን፣ ሞቷል! ያን ጊዜ አልተነገረም፣ ዛሬ ተነግሯል! ለቅሶው ከእናቱ ጋር ነው! የቀረ ይቀጣል!"

 ጥበቃው እሳቸውን አየ፣ ሕዝቡን አየ፣ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶን ወደ ጥበቃ ቤቱ ገባ። ያን ጊዜ ነው ከኋላችን አንዲት ሴት "ወንድሜ፣ ሰሎሞኔ" ብላ የጀመረችው። ስንት ዓመት የታፈነ ለቅሶ ዳገቱን እየተንከባለለ ወረደ። በዚያ ቀን ለቅሶ ላይ የቀረ ሰው አልነበረም፤ የሁለቱንም ስም እየጠራን አልቅሰን ቀበርን።

ከቀብር መልስ ጋሽ በየነ እትዬ አስካለ ደጃፍ ላይ ጡሩምባውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ።

"ልጄ" አሉኝ፣ "እስቲ ያቺን ኩባያ አምጪልኝ። ቀኖናዬን እንዳልተው።"

ገብቼ ከእትዬ አስካለ ዱቄት ዘግኜ በወተት አፈላሁላቸው። አማስዬ አላውቅምና ጓጎለብኝ። እንደዚያው ሰጠኋቸው። የጓጎለውን ሁሉ እያላመጡ እስከ ታችኛው ጠጥተው ኩባያውን መለሱልኝ።

"እትዬ እንዲህ አይደለም የምትሠራው" አሉ። ከዚያ ቀና ብለው ዳገቱን አዩት። "ግን እስከ ላይ ነፋሁት፣ አይደል?"

"እስከ ላይ ነፉት፣ ጋሼ።"